ስለ ሽምግልና ዘመን መተዳደሪያ

ለወረዳና ለቀበሌ የእርሻ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መጦርም ማለት የደከመውን ሰው ደግፎና መግቦ ማኖር ማለት ነው። ባገራችን ይህን ሸክም የሚሸከሙ ከጥንት ጀምሮ ልጆች ነበሩ። ስለዚህም ሰው ሲመራረቅ ‹‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ›› ይባባላል። ምርቃቱ ዛሬም አልቀረም፤ ነገር ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቍጥር እየተከፈለ ጠቧል፤ ልጆችም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ፤ የሚልኩትም ገንዘብ አንድ ወር ይመጣል፥ አንድ ወር ይቀራል። ስለዚህ ሽምግልናውን በልጆቹ ቸርነት ብቻ የሚጠብቅ ሰው አዝመራውን በአንድ ዝናም ብቻ እንደሚጠብቅ ገበሬ ነው።

ይህን ጉዳይ ለእርሻ ሠራተኞች ማቅረባችን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ሠራተኛው ራሱ የጡረታ መብቱን በሚገባ ሳያውቅ ዕድሜው ስለሚደርስበት ነው። ሁለተኛውም፥ ገበሬው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚጠይቀው የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ስለ እርጅናውም ያለ ዋጋ የሚጠይቀው የተማረ ሰው ከእርሱ በቀር በቅርቡ ስለማያገኝ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ውድ የሚሆነው ሲዘገይና ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ስለ ሠራተኛው ጡረታ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአገራችን በሕግ የጸናው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ አዋጅ ቍጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወጡ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህን የሚተኩ አዋጅ ቍጥር 1267ና 1268 ታወጁ። ስለዚህ የእርሻ ሠራተኛ ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ ወደ አበባ እርሻ ወይም ወደ ዘር አባዢ ድርጅት ቢሄድ ቀድሞ ያገለገለው ዘመን ከንቱ አይሆንም፤ የሁለቱ አገልግሎት ተደምሮ ይታሰባል። ይህን ባለማወቅ የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ ሳይዙ የሚወጡ ብዙዎች ናቸው።

የመዋጮው ነገር እንዲህ ነው። የሲቪል ሠራተኛ ከወር ደመወዙ ከመቶ 7 ይቈረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱም ከመቶ 11 ይጨምርለታል። ለማስላት እንዲቀል የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 10,000 ብር ነው ብንል፥ ከእርሱ 700 ብር፥ ከመሥሪያ ቤቱም 1,100 ብር፥ በጠቅላላው በየወሩ 1,800 ብር ለእርጅናው ይገባለታል ማለት ነው። የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ከ10 ዓመት ያላነሰ ያገለገለ ሰው በዚህ ዕድሜ ሲወጣ፥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ተወስዶ ከዚያ ከመቶ 30 ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ይሁን እንጂ ድምሩ ከመቶ 70 አያልፍም። አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ የሚያገኘው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። በ22 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው እስከ 60 ዓመቱ 38 ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ 30ና 35 ተደምሮ ከመቶ 65 ያገኛል። በ30 ዓመቱ የተቀጠረው ግን 30 ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል 30ና 25 ተደምሮ ከመቶ 55 ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን 5,500 ብር ማለት ነው። ከመቶ 70 የሚደርሰው 42 ዓመት ያገለገለ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውም በ18 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው ስለ ሆነ ጥቂት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የገጠር ሠራተኛ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሚታሰበው መደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው፤ የመስክ ውሎ አበልና ሌላው ጥቅም አይታሰብም። በየቀበሌው እየዞረ የሚሠራ ሰው ግን ኑሮውን በደመወዙና በውሎ አበሉ ላይ አንድ ላይ አቁሞታል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ በደመወዙ፥ የቤቱን አስቤዛ በአበሉ የሚከፍል ብዙ ነው። ጡረታ በወጣበት ወር አበሉ ፈጽሞ ይቀራል፤ ደመወዙም ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ገቢው ‹‹በግማሽ›› ይቀንሳል ብሎ የገመተ ሰው በእውነት ሲታይ ከዚያ በታች ይገኛል። ደግሞም በመሥሪያ ቤቱ ቤት የሚኖር ሠራተኛ ከሥራው ጋራ ቤቱንም እንደሚለቅ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ይህ ሁሉ ለማስፈራራት አይደለም፤ ገና 15 ዓመት የቀረው ሰው ከውሎ አበሉ ጥቂቱን በወር በወር ቢያስቀምጥ ችግሩን ሊያቀለው ይችላልና ነው።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጐዳው በወረቀት ጉድለት ነው። ዕድሜ የሚታወቀው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ማስረጃ ይህን አይለውጥም። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው፤ በቅጥር ደብዳቤው ኃይለ ሚካኤል፥ በመታወቂያው ኃይሌ ተብሎ የተጻፈ ሰው አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሚስት ነገር ነው። ሠራተኛው ቢሞት ሚስቱ የአበሉን ከመቶ 50፥ ልጆቹም እያንዳንዳቸው ከመቶ 20 እንዲያገኙ ሕጉ ፈቅዷል። ነገር ግን በሽማግሌ ፊት ተጋብተው ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ ባልና ሚስት እጅግ ብዙዎች ናቸው። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ተከፍቷል፤ ጋብቻና ልደት የሚመዘገቡበት ስፍራ ስለዚህ ከማንም ቤት ሩቅ አይደለም። ባሏ ከሞተ በኋላ ሚስትነቷን በምስክር ለማስረዳት የምትሮጥ ሴት የምታወጣው ገንዘብና የምታፈሰው እንባ በሁለት ሰዓት ሥራ ሊቀር ይችል ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ገብቶ የግል ማኅደሩን ይመልከት። የትውልድ ዘመኑ፥ የቅጥር ቀኑ፥ የሚስቱና የልጆቹ ስም፥ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወሰደበት ዘመን ቢኖር በትክክል መጻፉን ይመርምር፤ ግልባጩንም በቤቱ ያኑር። በመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርና በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፎች የሚገኘው ምክር ዋጋ የማይጠየቅበት ነው። በደጃፋቸው ቆሞ ‹‹ጕዳይህን ላስጨርስልህ›› የሚል ሰው ቢገኝ ለእርሱ የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ በከንቱ የሚጠፋ ነው።

ስለ ገበሬው እርጅና

ገበሬው ደመወዝ የሚቈርጥለትና የሚጨምርለት መሥሪያ ቤት የለውም። የእርሱ ጡረታ መሬቱ፥ ከብቱ፥ ዛፉና ጎረቤቱ ነው። ከእነዚህም መካከል ዋናው መሬቱ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ጥቂት በርትተን እንጽፋለን።

መሬት በአገራችን ሕግ አይሸጥም፤ ነገር ግን ባለይዞታው ሊያወርሰው፥ ለቤተሰቡ በስጦታ ሊሰጠውና ለተወሰነ ዘመን ሊያከራየው ይችላል። የኪራዩ ዘመንና የወራሹ ሁኔታ በየክልሉ ሕግ ስለሚለያይ ሠራተኛው የክልሉን ሕግ ሳያይ እንዲህ ነው ብሎ አይናገር። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ በየክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እየተሰጠ ነው፤ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም አንድ ላይ ይጻፋል። ይህ ደብተር ለሽማግሌና ለባልቴት እንደ በሬ የሚያርስ፥ እንደ ልጅ የሚጦር ነው ብንል አላበዛነውም። የሚጠቅመው ግን በእጅ ሲቈይ ነው።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እንደዚህ ነው። አባት ወደ 60 ሲጠጋ ልጆቹ ያገባሉ፤ ለእያንዳንዱም ጥማድ ጥማድ እየቈረሰ ይሰጣል። የመጨረሻው ልጅ ሲያገባ ለአባት የሚቀረው የጓሮው መሬት ብቻ ነው፤ ይህንንም ‹‹አብረን እንኖራለን›› በሚል ቃል ለአንዱ ልጅ ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ ልጁ መልካም ቢሆን መልካም ነው። ልጁ ቢሞት፥ ቢሰደድ ወይም ከሚስቱ ቢፋታ ግን ሽማግሌው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያስታርቁታል እንጂ መሬቱን አይመልሱለትም። ስለዚህ የእርሻ ሠራተኛው በስጦታና በኑዛዜ መካከል ያለውን ልዩነት ለገበሬው በግልጥ ሊያስረዳው ይገባል። ስጦታ ሰጪው በሕይወት ሳለ ከእጁ የሚወጣ፥ በቀላሉም የማይመለስ ነው። ኑዛዜ ግን የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው፤ በሕይወት እስካለ ድረስ መሬቱ የእርሱ ነው፤ ልጁ ቢለወጥበትም ኑዛዜውን ሊለውጥ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል የመመዝገብ ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሽማግሌ በዚህ ዐይነት መናዘዝ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት፥ ምስክሮችና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

የጉልበቱ ነገር ደግሞ አለ። በሬ የሌለው ወይም ክንዱ የደከመ ሰው መሬቱን የእኩል ይሰጣል። ይህ ጥንታዊና መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን በቃል ብቻ የተሰጠ መሬት ሦስትና አራት ዓመት ሲቈይ አራሹ የራሱ ይመስለዋል፤ ባልቴቷም አዝመራ በደረሰ ጊዜ ዐውድማው ላይ ካልተገኘች ምን ያህል እንደ ተወቃ አታውቅም። ስለዚህ የእኩል ስምምነት ምንም እንኳ በዘመድ መካከል ቢሆን ዘሩ የማን እንደ ሆነ፥ ማዳበሪያውን ማን እንደሚገዛ፥ ገለባው ለማን እንደሚሆን፥ የውሉም ዘመን መቼ እንደሚያልቅ ተጽፎ በቀበሌው ወይም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ገለባውን የጠቀስነው በዋዛ አይደለም፤ አንዲት ላም ያላት ባልቴት ከእህሉ እኩል ገለባውን ትፈልገዋለችና።

6 ጥማድ መሬት ያላቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። 4 ጥማዱን የእኩል ቢሰጡና ከአንዱ ጥማድ በመልካም ዓመት 4 ኩንታል ጤፍ ቢገኝ፥ ከ16 ኩንታል የእነርሱ ድርሻ 8 ኩንታል ነው። ለሁለት ሰው ቀለብ 4 ወይም 5 ኩንታል ቢበቃ የቀረው ለጨው፥ ለልብስ፥ ለማዳበሪያ ድርሻና ለሕክምና ይሆናል። ከቀሩት 2 ጥማድ አንዱን ለመጨረሻው ልጅ ማረሻ ቢሰጡት፥ አንዱን ደግሞ ለጓሮ ተክልና ለዛፍ ቢያደርጉት ኑሯቸው የተሰናዳ ነው። ዓመቱ ክፉ ሲሆን ግን 8 ኩንታሉ ወደ 4 ይወርዳል፤ ስለዚህ በመልካሙ ዓመት የተረፈውን ሁሉ በሠርግና በተዝካር መጨረስ አይገባም። ድግስ ይቅር አንልም፤ ይህ የኛ ሥራ አይደለም። መጠኑ ግን በጎተራው ልክ ይሁን።

ስለ ገንዘብና ስለ ተክል

ዕቁብና ዕድር የሚያገለግሉት ለየቅል ስለ ሆነ አንዱን በሌላው ስፍራ ማስገባት አይገባም። ዕቁብ በሬ ለመግዛት ወይም ቆርቆሮ ለማልበስ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ወለድ የለውም፤ ዕጣው በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ዕቃው ከተወደደ በኋላ ገንዘቡን ይቀበላል። ዕድር ሟችን በክብር ይቀብራል፥ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ በሕይወት ያለውን ሽማግሌ ግን የሚያበላ እንዲሆን አልተቋቋመም። ለመቃብሩ 30 ዓመት ያዋጣ ሰው ለምሳው የሚያዋጣበት ስፍራ አለመኖሩ ያስገርማል። አንዳንድ ዕድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ጧሪ ላጡ አባላት በየወሩ ጥቂት እህል ወይም ገንዘብ እንዲሰጥ ጨምረዋል፤ ይህን ለሌሎች ማሳወቅ የእርሻ ሠራተኛ ሥራ አይደለም የሚል ካለ ተሳስቷል።

ለረዥም ዘመን የሚቀመጥ ገንዘብ በገጠሩ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በባንክ ይሻላል። ከቀድሞዎቹ የብድርና ቁጠባ ተቋሞች አንዳንዶቹ ዛሬ ባንክ ሆነዋል፤ ይኸውም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ፥ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ ተብለዋል። ማኅበሩን የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሒሳቡ በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ይመረመራል ወይ? ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ስንት ሰው ይፈርማል? ባለፈው ዓመት ብድር ወስዶ ያልከፈለው ስንት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጥ መልስ የማይሰጥ ማኅበር የሽማግሌ ገንዘብ አይቀመጥበትም። ‹‹ገንዘብህን በጥቂት ወር እጥፍ አደርግልሃለሁ፤ ሌላ ሰው አምጣ›› የሚለውንማ ከነጭራሹ መሸሽ ነው።

ሆኖም ገንዘብን በጥሬው ብቻ ማስቀመጥ ጕዳት አለው። የብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 አድርጎ ወስኗል፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ጨምሮ ነበር። በዚህ ሒሳብ 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር አገኘ፤ በ1,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ደግሞ ከ1,300 ብር በላይ ሆነ። ገበሬው ይህን ስሌት ሳይማር ያውቀዋል፤ ገንዘብ ሲያገኝ በግ የሚገዛው ስለዚህ ነው። የእኛ ምክር፥ ለድንገተኛ ችግር የሚበቃውን ብቻ በገንዘብ ማስቀመጥ፥ የቀረውን ግን በሚያድግ ነገር ላይ ማዋል ነው።

ከሚያድገውም ለሽማግሌ የሚሻለው ጉልበት የማይፈልገው ነው። ባሕር ዛፍ ከተተከለ ከ4 እስከ 6 ዓመት ውስጥ ለአጣናና ለግድግዳ የሚሆን እንጨት ይሰጣል፤ ከተቈረጠ በኋላም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ በ50 ዓመቱ የተከለ ሰው በ56፥ በ61ና በ66 ዓመቱ ገደማ ሊሸጥ ይችላል፤ ይህ በራሱ ጡረታ ነው። ግን ከምንጭ አጠገብና ከእህል ማሳ ዳር አይተከል፤ ውሃውን ይጠጣዋል፥ ሰብሉንም ያቀጭጨዋል፥ ከጎረቤትም ያጣላል። በአንድ ዐይነት ዛፍ ላይ ብቻ መተማመንም አደጋ አለው። በአዊ የዲከረንስ ግራር ለከሰል እየተተከለ ብዙ ቤተ ሰብ ካቋቋመ በኋላ፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዋግ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። ያን ጊዜ ከግራሩ ጐን ጌሾ ወይም ሌላ ተክል የነበረው ሰው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ለማንም የማይሰወር ነው።

ቡና በተተከለ በ3ና በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ሲያረጅም ተጎንድሎ ይታደሳል፤ የሚለቅመው ግን ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ከወዲሁ የለቃሚ ስምምነት ያስፈልገዋል። ጌሾ ለባልቴት የተመቸ ነው፤ ቅጠሉ በጓሮ ይለቀማል፥ ደርቆ ይቀመጣል፥ ጥቂት በጥቂት ይሸጣል። በደቡብ አገር ያለ ሽማግሌ ደግሞ እንሰቱ አለለት፤ እንሰት ለብዙ ዓመት ቆሞ ስለሚቈይ በተፈለገ ጊዜ የሚፋቅ የቆመ ጎተራ ነው፤ አጠውልግ በሽታ እንዳይገባበት ግን መፋቂያውንና ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲዛወሩ በእሳት ማጽዳት ያስፈልጋል። ንብ ማነብም እንዲሁ ነው። ባህላዊው ቀፎ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፥ ዘመናዊው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ማር ሊሰጥ ይችላል፤ ሽማግሌውም በቀፎ አጠገብ ለመቀመጥ ጉልበት አያንሰውም። ከብት መጠበቅ ያቃተው ሰው ላሙን ወይም በጎቹን በየርቢ ለጎረቤት ይስጥ፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ይህም ቢሆን ስንት ራስ፥ ምን ዐይነት፥ ቢሞት የማን ጕዳት እንደ ሆነ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ሕመምና ስለ ችግረኛው

ሽማግሌን ከንብረቱ የሚያፈናቅለው ከረኃብ ይልቅ ሕመም ነው። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ለመግባት በሬው ይሸጣል፤ በሬው ሲሸጥ መሬቱ የእኩል ይሰጣል፤ በሁለተኛው ሕመም ዛፉ ሳይደርስ ይቈረጣል። ይህን የሚያስቀረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ከዚያ በኋላ በሰፊው የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተ ሰቡም በጤና ጣቢያና ከዚያ ወደ ላይ በሚላክበት ሆስፒታል ይታከማል። መክፈል የማይችለውን ድኻ መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ካርዱ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ሳይታደስ ቀርቶ ሕመም ሲመጣ ያለፈው ዓመት ክፍያ አይጠቅምም። በእኛ አስተያየት ከዚህ በላይ ከጠቀስነው ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ቢኖረው ለዚህ ያውለው።

ምንም የሌለውስ? መሬቱን ያጣ፥ ጧሪ ልጅ የሌለው፥ መሥራትም የማይችል ሽማግሌ በየቀበሌው አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሠራባቸው ወረዳዎች እንዲህ ላለው ሰው ሥራ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ አለ። መራጩ የቀበሌው ኮሚቴ ነው። ነገር ግን ስብሰባ መምጣት የማይችል፥ ድምፁም የማይሰማ ሰው ይረሳል፤ በዝርዝሩ ላይ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ለመናገር የሚችሉት ናቸው። የልማት ሠራተኛው ቤት ለቤት ሲዞር የተዘጋ በር ቢያይ ጎረቤቱን ጠይቆ ስሙን ለኮሚቴው ያስታውስ።

በመሬት፥ በውርስና በጋብቻ ጉዳይ ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ጠበቃ ለመቅጠር ለማይችል ሰው በባሕር ዳር፥ በጎንደር፥ በሐዋሳ፥ በሐረማያና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ያለ ዋጋ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማዕከሎች አቋቁመዋል። አቤቱታ ይጽፉለታል፥ መብቱን ያስረዱታል። ስማቸውንና ያሉበትን ከተማ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወረቀት ብቻ የሚጠይቅ ነው።

ሥራው መቼ ይጀመር ለሚል፥ ከመኸር መሰብሰቢያ በኋላ ያሉት ወራት ይመረጣሉ። በዚያ ጊዜ ገበሬው በእጁ ጥቂት ገንዘብ አለው፥ የመድኅን መዋጮ መክፈል ይችላል፤ ዐውድማውም ስለ ተጠረገ የእኩሉ ሒሳብ ገና ከልብ አልወጣም። ሠራተኛው ከማዳበሪያ ጥያቄ መመዝገቢያው ጐን አንድ ሌላ ዝርዝር ይያዝ፤ በቀበሌው ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ አባወራዎችና እማወራዎች፥ ደብተር ያላቸውና የሌላቸው፥ የሚስት ስም በደብተሩ ላይ የተጻፈላቸውና ያልተጻፈላቸው፥ የእኩል የሰጡ ቢኖሩ ውላቸው የተመዘገበና ያልተመዘገበ፥ የጤና መድኅን ካርዳቸው የታደሰና ያልታደሰ ተብሎ ይጻፍ። ዝርዝሩ ሲያልቅ የመሬት አስተዳደሩ ሠራተኛና የወሳኝ ኵነት መዝጋቢው በአንድ የገበያ ቀን በቀበሌው እንዲገኙ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጠይቃቸው፤ ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ እንዳይመላለሱ ምስክሮቻቸውን ይዘው በዚያው ቀን ይምጡ።